የማኅበር ፒክአፕ ሲገዛ የኋላ ዲፈረንሻሉም ይጠየቅ

ከኦቶና

በበልግ ዝናብ ማግሥት ከሶዶ ከተማ ወጥቶ በዳሞት ተራራ ሥር ወደሚገኙት ቀበሌዎች የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የወላይታ ቀይ አፈር በበጋ እንደ ጡብ የጠጠረ ሲሆን ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሰውንም ከብትንም መኪናንም እኩል የሚጥል ነው። ባለፈው በልግ ይህ ጸሐፊ ማዳበሪያና የስኳር ድንች ሐረግ በጫነ አንድ የማኅበር ፒክአፕ ተሳፍሮ ሲሄድ፣ መኪናው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሊደርስ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ከመንገዱ ዳር ተያዘ። የግራው የኋላ ጎማ ቦይ ውስጥ ገብቶ ጭቃ እየረጨ ይሽከረከራል። የቀኙ ጠጠር ላይ ነው፤ ግን ንቅንቅ አይልም። አሥራ አራት ሰው ገፋ፤ ሣርና ድንጋይ ተነጠፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ።

በዚያው ሰዓት አንዲት ምጥ የጠናባት እናት ይኸው መኪና ሲመለስ ወደ ኦቶና እንዲያደርሳት ትጠባበቅ ነበር። ሕዝቡ ዛሬም ኦቶና እያለ የሚጠራው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከዚያ ብዙ የሚርቅ አይደለም። መኪናው ስለዘገየ ግን የሰፈሩ ጎልማሶች በቃሬዛ ተሸክመዋት፣ እኛ በቆምንበት በኩል አልፈው ወደ ዋናው መንገድ ወረዱ። ደግነቱ በሰላም ተገላገለች።

በመጨረሻ መኪናውን ያወጣው የሰው ብዛት አልነበረም። በዚያ በኩል በእግራቸው ሲያልፉ የነበሩ አንድ አዛውንት፣ ቀድሞ ሾፌር የነበሩ ኖረው፣ ቆም ብለው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ የእጅ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ሳብ አድርገውና ቀስ ብለህ ነዳጅ ስጠው» አሉት። ሾፌሩ እንደተባለው አደረገ። ፍሬን ይዞ መሄድ ለሰሚ የሚያስቅ ቢመስልም መኪናው እያቃሰተ ወጣ።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። መኪና ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ረዥም፣ በውስጥ በኩል ያለው አጭር መንገድ ስለሚሄዱ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዲፈረንሻል ነው። ይህ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ለሁለቱ ጎማዎች ኃይልን የሚያካፍለው እኩል ብቻ መሆኑ ነው። ለምሳሌ በጭቃ ላይ ያለው ጎማ ሊይዝ የሚችለው ሃያ እጅ ኃይል ቢሆን፣ በጠጠር ላይ ያለውም የሚደርሰው ሃያው ብቻ ነው፤ ሦስት መቶ ሊሸከም ቢችልም አያገኘውም። የሞተሩ ጉልበት በከንቱ ጭቃ ይረጫል። አዛውንቱ የእጅ ፍሬኑን ሲያስስቡ የሚሽከረከረውን ጎማ ሸክም ጨመሩበት፤ ያን ያህሉ ኃይል ደካማ ላልሆነው ጎማም ደረሰው።

ብዙ የማኅበር መሪዎች «ፎር ዊል ከገዛን በቃን» ይላሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የፊቱም የኋላውም ዲፈረንሻል ተራ ከሆነ፣ ከፊት አንድ ከኋላ አንድ ጎማ ያለ መያዣ ሲቀር ፎር ዊሉም እንደ ሌላው ይቆማል። በመንገዳችን ጠርዝ ላይ ደግሞ የአንድ ወገን ጎማዎች በሙሉ ቦይ ውስጥ መግባታቸው የተለመደ ነው። አዲሶቹ መኪናዎች የሚሽከረከረውን ጎማ በኮምፒውተር እየተመሩ በፍሬን ይይዛሉ፤ የአዛውንቱን ዘዴ ያለ አዛውንቱ መሥራታቸው ነው። ቀላል ለሆነ ቦታ ይረዳል። ረዥም ጭቃ ላይ ግን ፍሬኑ ይግላል።

ስለዚህ የግዢ ኮሚቴ ቀለሙንና የጋቢናውን ስፋት ከማየቱ በፊት የኋላ ዲፈረንሻሉ ምን ዓይነት እንደሆነ መጠየቅ አለበት እላለሁ። ከተራው ሌላ በገበያ ላይ የሚታወቁት ጥቂት ናቸው። አንደኛው በውስጡ እንደ ፍሪሲዮን ያሉ ሸክላዎች ያሉት፣ የጎማዎቹን የፍጥነት ልዩነት በመጠኑ የሚገታ ነው። ሲፈጥሩት መልካም ነው። ነገር ግን ሸክላዎቹ ያልቃሉ፤ የሚፈልገውም የራሱ የሆነ ልዩ ዘይት ነው። በየወረዳው ከተማ ያለው ጋራዥ ያገኘውን የዲፈረንሻል ዘይት ሞልቶ ከሸኘው፣ በየመታጠፊያው ይንቀጠቀጣል፣ ውሎ አድሮም ተራ ዲፈረንሻል ሆኖ ያርፋል፤ ማኅበሩ ገንዘቡን የከፈለበት ነገር መቼ እንደጠፋ እንኳ ሳያውቅ። ቶርሰን የሚባለው ደግሞ በጥርስ ብቻ ስለሚሠራ የሚያልቅ ሸክላ የለውም፤ ለተሻለው ጎማ ከደካማው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ወይም ከዚያ በላይ ኃይል ያደርሳል። ሆኖም አንደኛው ጎማ ፈጽሞ አየር ላይ ሲንጠለጠል የባዶ እጥፍ ባዶ ነውና አይሠራም።

አጥብቄ የምቃወመው በራሱ ጊዜ የሚቆልፈውን ነው። ሻጮች «ሾፌሩ ምንም አይነካም» ብለው ያመሰግኑታል። ጣጣው ያው ሾፌሩ አለመንካቱ ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ተቆልፈው አብረው ሲንሸራተቱ መኪናውን ወደ ጎን የሚይዘው ጎማ አይኖርም፤ ጅራቱ ወደ ቁልቁለቱ ይሄዳል። መሐሉ ከፍ ብሎ ዳርና ዳሩ ወደ ቦይ በሚያዘቀዝቅ፣ በእርጥብ ቀይ አፈር በተሸፈነ የተራራ ወገብ መንገድ ላይ ይህ የጉዳይ ቀላል አይደለም፤ በፒክአፑ ጀርባ ላይ ሰው ተጭኖ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዲፈረንሻሉን በብየዳ አጣብቆ የሚሰጥ ባለሙያም አይታጣም። ያ መኪና ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው አስፋልት ላይ በየመታጠፊያው ጎማውን ሲፍቅና ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ ሲያስጨንቅ ይኖራል፤ ባይሞከር ይሻላል።

ለእኛ አገር የማኅበር ሥራ የሚመረጠው ሾፌሩ ሲፈልግ በቁልፍ የሚዘጋው፣ ሳይፈልግ ተራ ሆኖ የሚቀረው ነው፤ ሾፌሮች ሎክ የሚሉት። በኤሌክትሪክ ወይም በታመቀ አየር ይሠራል። በአንዳንድ የቶዮታ ሃይሉክስ ሞዴሎች ላይ ከፋብሪካው ተገጥሞ ይመጣል። ሲዘጋ ደካማውና ጠንካራው ጎማ እንደ አንድ ዘንግ አብረው ይዞራሉ፤ ከላይ ባልነው ምሳሌ ጠጠር ላይ ያለው ጎማ ሦስት መቶውን በሙሉ ያገኛል። ልዩ ዘይት አይጠይቅም። ድክመቱ ሽቦው ወይም የአየር ቧንቧው በጭቃ ሊበላሽ መቻሉና ሾፌሩን ማሠልጠን ማስፈለጉ ነው። በኋላ ላስገጥመው ማለት ዲፈረንሻሉን ፈትቶ ጥርሶቹን እንደገና በልክ ማስተካከልን ስለሚጠይቅ፣ ሲገዙ ተጠይቆ ቢመጣ ይበጃል። በአንዳንዶቹ መኪናዎች ላይ ፎር ዊሉ በዝቅተኛው ማርሽ ካልገባ ሎኩ እንደማይሠራም ማወቅ ያሻል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ማኅበር የሻጩን ቃል ብቻ ይዞ መመለስ የለበትም። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስይዞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቅቆ የኋላውን ክፍል በክሪክና በጠንካራ ማስደገፊያ ማንሳት ነው። አንዱን ጎማ በእጅ ሲያዞሩት ሌላው በተቃራኒው አቅጣጫ ከዞረ ዲፈረንሻሉ ተራ ነው፤ ወይም ሸክላው አልቆ ተራ ሆኗል። አብሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞረ የሚይዝ ነገር አለበት። ባለ ሎክ ከሆነ ደግሞ ተዘግቶና ተከፍቶ በጭቃ ላይ ይፈተን። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሚይዝ ዲፈረንሻል ያለው መኪና አንድ ጎማው ብቻ ተነሥቶ ሳለ ሞተር አስነሥቶ ማርሽ ማስገባት መኪናውን ከክሪኩ ላይ ያስፈነጥረዋል።

ይህን ሁሉ ስል ዲፈረንሻል መንገድን ይተካል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ዋዱ፣ ከዘርና ከማዳበሪያ ጋር መጋቢ መንገዶችንም የሠራው፣ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሁሉ አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራምም ቀበሌዎችን ለማገናኘት የተነሣው ነገሩ ገብቷቸው ነው። ቦዩ ካልተጠረገ ምንም ዓይነት ሎክ አያዋጣም። ጎማም እንዲሁ፤ ጥርሱ ባለቀ ጎማ ላይ የተገጠመ ሎክ ሁለቱንም ጎማዎች እኩል ከማንሸራተት በቀር የሚፈይደው የለም። አቅም የሚያንሰው ማኅበር መጀመሪያ ጥልቅ ጥርስ ያላቸው ጎማዎች፣ አካፋና ሰንሰለት ይግዛ።

በግዢው ስብሰባ ላይ ሾፌሩ ይጠራ። በብዙ ቦታ የሚጠራው መኪናው ከመጣ በኋላ ነው። ሎኩን የሚዘጋው ጭቃው ውስጥ ገብቶ ጎማው መሽከርከር ከጀመረ ወዲያ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት፣ መኪናው ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ ነው፤ ጭቃው ሲያልቅ ደግሞ ወዲያው ይከፍተዋል። ቁልፉን ቢያጠፋም ጥርሱ ላይለቅ ስለሚችል፣ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብሎ ይንዳ፤ ከዚያ በኋላ ይታጠፍ።