አጀንዳውና ስልኩ ሥራ ይከፋፈሉ

ዓመት በተለወጠ ቁጥር ባንኩም፣ የኢንሹራንስ ድርጅቱም፣ አስመጪውም ለደንበኞቹ አጀንዳ ያድላል። ብዙዎቹ አጀንዳዎች የኢትዮጵያንም የፈረንጁንም ቀን አንድ ገጽ ላይ ይዘው ይታተማሉ። ተቀባዩ ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሞልቶ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በኋላ ቀጠሮው ስልክ ላይ፣ የስብሰባው ውሳኔ በብጣሽ ወረቀት፣ የአለቃው ትእዛዝ ቴሌግራም ውስጥ፣ የደንበኛው ቁጥር ደረሰኝ ጀርባ ላይ ይቀራል። ይህን ችግር ሌላ አዲስ መተግበሪያ መጫን አይፈታውም። የሚፈታው በእጅ ላሉት ለወረቀቱና ለስልኩ ድርሻቸውን ለይቶ መስጠት ነው።

ስልክ ከወረቀት የሚበልጥበት ዋናው ነገር ሰዓቱ ሲደርስ መጮኹ ነው። ስለዚህ የተቆረጠ ቀን ወይም ሰዓት ያለው ጉዳይ ሁሉ ወደ ስልክ መግባት አለበት። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በብዙዎች እጅ ያለው የስልክ ካላንደር የሚሠራው በፈረንጁ አቆጣጠር ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት» የተባለውን ቀጠሮ እንዳለ 3፡00 ብሎ የመዘገበ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይቀሰቀሳል።

የሰዓቱን ስህተት ሰው ቶሎ ይነቃበታል። የወሩ ስህተት ግን ተደብቆ ይቆያል። የቤት ኪራይ የሚከፈለው ወር በገባ በ1 ነው እንበል። መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። ያን ቀን «በየወሩ አስታውሰኝ» የተባለ ስልክ ሁልጊዜ በ11ኛው ቀን ይጮኻል። ጥር 1 ግን በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 9፣ ነሐሴ 1 ደግሞ ኦገስት 7 ነው። ስለዚህ ማስታወሻው ጥር ላይ 2 ቀን፣ ነሐሴ ላይ 4 ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። መላው ቀላል ነው፤ «በየወሩ» የሚለውን ትቶ «በየ30 ቀኑ» ማለት፣ ዓመቱ ሲያልቅም የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ጨምሮ ከመስከረም 1 እንደገና መጀመር። ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳየው አጀንዳ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው፤ ስልኩ ላይ ከመመዝገቡ በፊት ቀኑ የሚመሳከረው ከእሱ ነው።

ወረቀት ከዚህም ሌላ የራሱ ድርሻ አለው። ፓም ሙለርና ዳንኤል ኦፐንሃይመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ትምህርት ሲሰሙ በላፕቶፕ የጻፉ ተማሪዎች የሰሙትን ቃል በቃል ወደ መገልበጥ ማዘንበላቸውን፣ ሐሳቡን በሚጠይቁ ጥያቄዎች ላይ ግን በእጅ ከጻፉት ማነሳቸውን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሙከራውን የደገሙ ሌሎች ተመራማሪዎች ልዩነቱን ያን ያህል ጎልቶ አላገኙትም። ስለዚህ እስክሪብቶ ብቻውን አዋቂ ያደርጋል ማለት አይቻልም። ሆኖም በእጅ የሚጽፍ ሰው የሰማውን ሁሉ ሊገለብጥ ስለማይችል ዋናውን ለመምረጥ ይገደዳል። የስብሰባ ፍሬ ነገር፣ የሳምንት ዕቅድ፣ ገና ያልጠራ ሐሳብ መልእክት በማያቋርጥበት ገጽ ላይ ቢሰፍር ይሻላል።

አስተማማኝነትም መዘንጋት የለበትም። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ከሳምንታት በኋላ ነበር፤ መዝገቡ ሁሉ መስመር ላይ የነበረ ሰው ምን ያህል እንደተቸገረ ያውቀዋል። መተግበሪያም ይዘጋል። ብዙ ተጠቃሚ የነበረውን ቩንደርሊስት የተባለውን የሥራ መዘርዝር ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ገዛው፤ በ2020 ዘጋው። አዲስ መተግበሪያ የሚመርጥ ሰው ከውበቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል? የጻፍኩትን አውጥቼ መውሰድ እችላለሁ? ወረቀትም ይጠፋል፣ ይረጥባል። አስፈላጊውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ግን የደቂቃ ሥራ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የጋራ ሥራ በግለሰብ መሣሪያ ውስጥ ሲቀበር ነው። የእድር መዝገብ የት እንዳለና ማን እንደሚይዘው አባላቱ ሁሉ ያውቃሉ፤ ጸሐፊው ቢቀየር መዝገቡ ለተተኪው ይተላለፋል። በየቢሮው ግን የደንበኛው ጉዳይ የአንዲት ሠራተኛ ቴሌግራም ውስጥ ይቀመጥና፣ እሷ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ባለጉዳዩ «ቆይተው ይመለሱ» ይባላል። የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ፣ በሰንጠረዥ ፋይልም ሆነ በትልቅ መዝገብ፣ አንድ የታወቀ ቦታ ያስፈልገዋል።

መሥሪያ ቤቶች በመጪው ዓመት አጀንዳ ከማሳተማቸው በፊት ይህን ይወስኑ። የጋራው ቀጠሮ የት እንደሚመዘገብ፣ የትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ፣ ባለሥራው በማይኖርበት ቀን መዝገቡን ማን እንደሚከፍት በአንድ ገጽ ጽፈው ለሠራተኛው ሁሉ ያሳውቁ።