«ዘሎ ገባበት»

ቀትር ላይ የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች ሲለቀቁ ከጅጅጋ ወደ ሐረር በሚወስደው አስፋልት ዳር ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ልጆቹ ሦስትም አራትም ሆነው፣ ጀርባቸውን ለመኪና ሰጥተው ይሄዳሉ። ባጃጅ ተሳፋሪ ባየበት ይቆማል። ፍየሎቹም ከመንገዱ ድርሻ አላቸው። በዚህ መሀል ነው ከአወዳይ የተነሳው የጫት መኪና ካራማራን ተሻግሮ ጡሩምባውን እያስጮኸ የሚደርሰው። ጫት ሲጠወልግ ዋጋው የሚወርድ ዕቃ ነው፤ ቶጎ ውጫሌ የሚጠብቀውም ነጋዴ ሰዓት ይቆጥራል። ሹፌሩ የሚከፈለው ቶሎ ለመድረስ እንጂ ለመጠንቀቅ አይደለም።

አደጋ ሲደርስ ግን የምንሰማው ያው አንድ ቃል ነው፦ «ዘሎ ገባበት።»

እግረኛው ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም። የእግረኛ መንገድ ከሌለ ግራን ይዞ መሄድ ግዴታው ነው፤ ከፊት የሚመጣውን መኪና እንዲያይ። ብስክሌት ግን ተሽከርካሪ ስለሆነ ቀኙን ይዞ ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ሁለቱን አቀላቅለው በግራ በኩል የሚጋልቡ ልጆች በየቀኑ አያለሁ፤ ሲመሽም ያለ መብራት።

ግን ማን ነገራቸው? የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። የጅጅጋ ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በሶማልኛ ነው። በቋንቋው ያላስተማርነውን ልጅ በደንቡ እንወቅሰዋለን።

ደግሞስ ዳር ያዝ ሲባል የቱን ዳር? አንዱ ዳር የሱቅ ዕቃ ተዘርግቶበታል፣ ሌላው ባጃጅ ተደርድሮበታል። ከከተማው ወጣ ሲባል ጭራሽ ዳር የሚባል ነገር የለም፤ አስፋልቱ ካለቀ አቧራና ቦይ ነው። የኮሪደር ልማቱን አልነቅፍም። አዲስ አበባ ላይ በ2016 ሲጀመር የእግረኛና የብስክሌት መስመር ይዞ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነበር፣ ወደ እኛም መድረሱ ያስደስታል። ጅጅጋ ሜዳ ናት፤ ለብስክሌት ከባሕር ዳር አታንስም። ሆኖም ኮሪደር መሀል ከተማን ያሳምራል፣ የጫት መኪና የሚበርረው ግን ዳር ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ሞተረኛ ነው። በ2020 እንደ ፈረንጆቹ ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታት ሰውና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳያልፍ ያሉት ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ይህን ለማስከበር ካሜራ አያስፈልግም። ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ፍጥነት መቀነሻ፣ ሰው በእርግጥ በሚሻገርበት ቦታ ዜብራ፣ በመለቀቂያ ሰዓት አንድ ትራፊክ ፖሊስ ይበቃል። ቅጣቱም ከሹፌሩ አልፎ ሰዓት እየቆረጠ ለሚያስሮጠው ባለንብረት ይድረስ።

ባለፈው ዓመት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ፍጥነት መቀነሻ እንዲሠራልን ጠይቀው «በዕቅድ ተይዟል» ተብለው ተመለሱ። ወጣቶቹ አልጠበቁም፤ ሌሊቱን ድንጋይ ደርድረው አፈር ደለደሉበት። ሕገወጥ ነው፣ በጨለማ ለሚመጣ ሞተረኛም አደጋ ነው፤ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። አንደኛው «ወላሂ ወንድሜ፣ የተሻለውን ይዘው ሲመጡ እኛው እናነሳዋለን» አለኝ። እስከ ዛሬ አልተነሳም። የጫት መኪናው እዚያች ቦታ ሲደርስ ይቀዘቅዛል።