አሮጌው ሰንጠረዥ ወይስ አዲሱ?

በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ የመጡት አባታችን ሰንጠረዥ የሚጫወቱት በጥንቱ ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መጀመሪያ ወረራ አለ፤ አንዱ የሌላውን እስኪማርክ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ይንቀሳቀሳሉ። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል።

ልጆቻችን ግን ከትምህርት ቤት አዲሱን ደንብ ይዘው መጡ፤ በፈርዝ ፈንታ ንግሥት ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ታቋርጣለች። አዲስ የተባለውም በአውሮፓ ከወጣ 500 ዓመት አልፎታል።

እንግዲህ የቱን እንያዝ? ዓለም የሚወዳደርበት አዲሱ ነውና ልጆቹን ልንከለክል አይገባንም። አሮጌውን ብንተው ግን አባታችን ከማንጎው ጥላ ሥር ብቻቸውን ይቀራሉ። ስለዚህ የእሑድ ማታ ለአሮጌው እንዲሆን ቈረጥን። ወረራውን ዛሬ ከአያታቸው ያልተማሩ እንደ ሆነ፥ ነገ ከማን ይማሩታል?