ጉሮሮዬን የሚለን ተማሪ

እኛ ዕጩ መምህራን ስለ ትምህርት ዕቅድ አጻጻፍና ስለ ሰሌዳ አያያዝ ብዙ ተነጋግረናል፤ ደግ ነው። ነገር ግን ነገ ከማንኩሽ ራቅ ወዳለ ቀበሌ ስንመደብ አንዱ ተማሪ «መምህር፣ ጉሮሮዬን» ቢለን ምን እናደርጋለን? እስካሁን የሰማነው መልስ «ሂድና ተኛ» ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን ጉሮሮ ሲታመም «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባልና ልጁ ወደ እንጥል ቆራጭ ይወሰዳል፤ አለዚያም ቶንሲሉ በጥፍር ይቧጠጣል። እንጥል ግን የሕመሙ ምክንያት አይደለም። ቁስሉ ይደማል፣ ያመረቅዛል፤ ከልጅ ወደ ልጅ የሚዞር ምላጭም ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 የሕፃን እንጥል መቁረጥን በስሙ ጠርቶ፣ ሞት ካስከተለ ያስቀጣል።

ታዲያ እናቶች ለምን ያምኑበታል? ሞኞች ስለሆኑ አይደለም። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ በሳምንት ገደማ በራሱ ይለቃል፤ ምስጋናውን ግን ቆራጩ ይወስዳል።

እኛስ ከዚህ በምን እንሻላለን? በመኝታ ክፍላችን አንዱን ጉሮሮው ሲያመው ከጓደኛው የተረፈ አሞክሳሲሊን ሁለት ፍሬ ይውጣል፣ ሲሻለው የቀረውን ለሌላው ያካፍላል። መካፈል መልካም ነው፤ መድኃኒት ግን እንጀራ አይደለም። እዚህም ሰውነቱ ራሱ ያዳነውን ካፕሱሉ ምስጋና ይወስድበታል።

አስጊው የቀረው ነው። የልጆች ጉሮሮ ሕመም ከአሥሩ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ባክቴሪያ ይመጣል። ይህ ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ የሰውነት መከላከያ መገጣጠሚያንና የልብን ቫልቭ ያጠቃል። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ይበልጥ ይይዛል፤ የምናስተምራቸው እነዚሁ ናቸው። ጉሮሮው ከዳነ በኋላ ኳስ ሲጫወት የሚያለከልከው ልጅ ምናልባት ከእነዚህ አንዱ ነው። ቫልቩ ክፉኛ ከተበላሸ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል፤ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ያለው ደግሞ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ነው። ከጉባ ወረዳ እስከዚያ ስንት ቀን፣ ስንት ብር? ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ በጤና ባለሙያ የሚሰጥ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ፣ ወይም 10 ቀን ሙሉ የሚዋጥ መድኃኒት ይህን ሁሉ ይከላከለው ነበር። አምስተኛው ቀን ላይ «ድኛለሁ» ብሎ ማቆም አይሠራም።

ሐኪም አይደለንም፤ ማየት ግን እንችላለን። ሳልና ንፍጥ ካለበት ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ነው፦ ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ለብ ባለ ውኃ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ ይበቃዋል። ማርም ያለሰልሳል፣ ባክቴሪያ ግን አይገድልም። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ሳል ሳይኖረው በድንገት ካተኮሰው፣ ሲውጥ ካመመው፣ የአንገቱ ዕጢ ካበጠና ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ አፉን መክፈት የተሳነው ወይም ትንፋሽ ያጠረው እንደሆነማ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠበቅም።

በዚህ ሙቀት ስልሳ ልጅ በአንድ ጣሳ ውኃ ሲጠጣም ዝም ማለት የለብንም።

ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ጥያቄ፣ ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ተጋብዞ አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠን የሚል ነው። ለጓደኞቻችንም አንድ ነገር አለን። ልጁ ሕመሙን የሚነግረን በጉሙዝኛ ነው፤ ብዙዎቻችን ደግሞ አንሰማም። ስለዚህ ጉሙዝኛ የምትናገሩ «ስትውጥ ያምሃል ወይ? ያስልሃል ወይ?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች እዚሁ ሰሌዳ ላይ ከነአነባበባቸው ጻፉልን።