ተሰባሪ መዘክር

የነቢያት ጾም ተጋምሶ በአዲስ አበባ መደብሮች ደጃፍ የላስቲክ ጽድ መደርደር ሲጀምር፣ ዛፉ የእኛ ነው የባዕድ የሚለው የየዓመቱ ሙግትም ዐብሮ ይቀሰቀሳል። ለሙግቱ ሊቃውንት አሉለትና ለእነርሱ እተወዋለሁ፤ እኔ ብዕሬን ያነሣሁት ዛፉን ከተቀበሉ ብዙ ዘመን ስላስቈጠሩ ቤቶች፣ ይልቁንም በዛፉ ላይ ስለሚንጠለጠለው ጌጥ ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በሆቴልና በባንክ አዳራሽ የሚያዩትን አብነት አድርገው፣ አሮጌውን ጌጥ ከነካርቶኑ አውጥተው እየጣሉ፣ በየዓመቱ አንድ ወጥ ቀለም ያለው አዲስ ጌጥ የሚገዙ ቤተ ሰቦች በዝተዋል፤ ዘንድሮ ወርቃማ ከሆነ ለከርሞ ሰማያዊ ይሆናል። ይህን እንደ ሥልጣኔ የሚቈጥሩት አሉ፤ ለእኔ ግን አንድ ቤተ ሰብ በገንዘብ ሊተካው የማይችለውን ሀብቱን በገዛ እጁ ከቤት የሚያወጣበት መንገድ ሆኖ ይታየኛል።

የዛፉ አገር በራይን ወንዝ ግራና ቀኝ ያለው የጀርመኖች ምድር ነው። በምዕራባውያን ዘንድ የልደት ዋዜማ፣ ይኸውም ዲሴምበር 24 ቀን፣ የአዳምና የሔዋን መታሰቢያ በመሆኑ፣ በዚያ ዕለት በሚታየው መንፈሳዊ ተውኔት ዕፀ በለስን የሚወክል ፖም የተንጠለጠለበት ዛፍ ይቆም ነበርና፣ የገና ዛፍ ከዚያ እንደ ወረደ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው። በ1605 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው፣ ስለ ስትራስቡርግ ከተማ ማስታወሻ የተወ አንድ መንገደኛ፣ ሰዎቹ በቤታቸው ውስጥ ጽድ አቁመው ከቀለም ወረቀት የተሠራ ጽጌረዳ፣ ፖም፣ ስስ ኅብስት፣ ወርቅ ቅብ ብልጭልጭና ስኳር እንደሚሰቅሉበት ጽፏል። እንግዲህ ከወረቀቱና ከወርቅ ቅቡ በቀር ጌጡ የሚበላ ነበር። የተበላ ጌጥ ደግሞ ደስታው ለዕለቱ ነው እንጂ፣ ለከርሞ ከሣጥን ወጥቶ «ይህን ያመጣው እኮ አያትህ ነው» ሊባልበት አይችልም።

ጌጥ መዘክር ሊሆን የቻለው ብርጭቆ ከሆነ በኋላ ነው። በቱሪንጊያ ተራሮች መካከል ላውሻ የምትባል፣ በ1597 ዓ.ም. በተተከለ የመስተዋት እቶን ዙሪያ የተቈረቈረች ትንሽ ከተማ አለች፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ የብርጭቆ ጌጥ መሥራት ጀምረው ለዓለም ያዳረሱት የዚህች ከተማ ባለሙያዎች ናቸው። ፖም የሚገዛበት ያጣ አንድ ድኻ ብርጭቆ ነፊ ለልጆቹ በፖም አምሳል ብርጭቆ ነፋላቸው የሚል አፈ ታሪክ አላቸው፤ ነገሩ ይሁንም አይሁንም የአገሩን ኑሮ አይዋሽም። ሥራው የሚሠራው በየቤቱ ነበርና፣ አባት ከነበልባሉ ፊት ተቀምጦ ቀጭኑን የብርጭቆ ቱቦ እያሞቀ ይነፋል፤ እናት በተነፋው ኳስ ውስጥ የብር ውሕድ ጠብ አድርጋ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከረች ስትወዘውዘው ውስጡ በብር ተለብጦ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ልጆችም ቀለም በመቀባቱ ይረዳሉ፣ ቀለሙ ደርቆ የቱቦው ትርፍ አንገት ከተቈረጠ በኋላም ትንሿን የብረት ቆብ ከነማንጠልጠያዋ ይገጥሙለታል። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ዕቃውን በቅርጫት አዝለው ዞነበርግ ወደምትባለው የአሻንጉሊት ነጋዴዎች ከተማ ይወርዳሉ። በ1880 ዓ.ም. በፔንሲልቫኒያ፣ በላንካስተር ከተማ ሱቅ የነበረው ፍራንክ ዉልወርዝ፣ ኋላ ራሱ እንደ ተረከው፣ «ይህን ማን ይገዛኛል» እያለ በስንት ልመና የ25 ዶላር ጌጥ ቢረከብ በሁለት ቀን ተሽጦ አለቀበት፤ እርሱም ከዚያ ወዲያ የዚህ ዕቃ ትልቅ አስመጪ ሆነ። ስለዚህ በአንድ የአሜሪካ ሳሎን የተሰቀለው ኳስ፣ የገዢው ቤተ ሰብ ትዝታ ገና ሳይታከልበት፣ የአባትና የእናት የልጅም እጅ ያረፈበት ነበር።

አባቶቻችን «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ብለዋል። ለጠጅ ቤት እውነት ነው፤ የገና ጌጥ ግን ከዚህ ምሳሌ የወጣ ነው። በወላጆቼ ቤት፣ ለትምህርት ጀርመን አገር ሄዶ የተመለሰው አጎቴ ያመጣቸው የብርጭቆ ኳሶች በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቅዳጅ ተጠቅልለው ይቀመጡ ነበር። ዛፉ የቀበና ጽድ ቅርንጫፍ ነው፤ በረዶውም ተባዝቶ የተበተነ ጥጥ ነው። ጌጡ በሚፈታበት ማታ እናቴ ኳሱን ስታወጣ አባቴ ወረቀቱን ይቀበልና በሰው ሁሉ ፊት ማንበብ ይጀምራል፤ የሹመት ዜና፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ የስኳር ዋጋ፣ ከተሾሙት መካከል የታሰረውና የተሰደደው፣ ከማስታወቂያው ድርጅቶች መካከልም የተወረሰው ያኔ ይቈጠራል፤ እንዲያውም ለእኛ ለልጆች የአገር ታሪክ የተነገረን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ካርቶን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከኳሶቹ አንዱ፣ ቀዩ፣ ጀርባው ተሸርፏል። ታላቅ እኅቴ በልጅነቷ ልትሰቅለው ስትንጠራራ አስመልጣው ነው፤ ሆኖም እናቴ አልጣለችውም፤ ሽራፊውን ወደ ግንዱ መልሳ ደህናውን ፊት ወደ እኛ አድርጋ ትሰቅለው ነበር። እኅቴ ወደ ውጭ አገር ከሄደች በኋላ በየዓመቱ አስቀድሞ የሚፈታው ይኸው ኳስ ሆነ፤ የደኅናዎቹን ታሪክ ግን፣ ያመጣቸው አጎቴ ከመሆኑ በቀር፣ ማንም አያስታውስም።

እዚህ ላይ የቍሱ ጠባይ ራሱ ያግዛል ብዬ አምናለሁ። ብርጭቆ እንደ ፖም አይበሰብስም፤ እንደ ብረትም ችላ ተብሎ አይቈይም፤ ከዓመት ዓመት የሚደርሰው አንድ ሰው ጠቅልሎ ስላስቀመጠው ብቻ ነው። ስለዚህም አሮጌ ኳስ ሲወጣ የሚታየው ጌጡ ብቻ ሳይሆን ጠባቂውም ጭምር ነው። የዛሬው የላስቲክ ኳስ ቢወድቅ ይነጥራል፤ የማይሰበር በመሆኑ «ቀስ በል» የሚል የለም፣ «ቀስ በል» ያልተባለበትን ዕቃ ደግሞ ልጅ ከሌላው ዕቃ ለይቶ አያውቀውም።

ጌጥ የዘመንንም መከራ ሊይዝ ይችላል። በ1939 ዓ.ም. ጦርነቱ ፈንድቶ የጀርመን ዕቃ ወደ አሜሪካ መሻገሩ ሲቋረጥ፣ ጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ የጌጥ አስመጪ የሆነው ማክስ ኤካርት አስቀድሞ መላ ፈልጎ ነበርና፣ ኮርኒንግ የተባለው የመስተዋት ኩባንያ የአምፖል መሥሪያ መኪናውን ለገና ኳስ አዋለው። ጦርነቱ እየበረታ ሲሄድ ብሩም ብረቱም ለሠራዊት ተፈለገ፤ ኳሱ ውስጡ ሳይለበጥ ገላጣ ሆኖ ጥቂት የቀለም መስመር ብቻ ይሣልበት፣ ቆቡም ከወረቀት ይሠራ ጀመር። ዛሬ በዚያ አገር አንዳንድ ቤተ ሰብ ይህን ፈዛዛ ኳስ ከሚያብረቀርቁት መካከል ይሰቅለዋል፤ ያላወቀ እንግዳ ግን የሕፃን ሥራ ይመስለዋል።

በዚያው በአሜሪካ ለአንድ ልጅ በተወለደበት ዓመት ዓመተ ምሕረቱ የተጻፈበት ጌጥ መስጠት፣ ልጁም አድጎ የራሱን ቤት ሲያቆም እናት ድርሻውን ለይታ በሣጥን ማስረከቧ የታወቀ ልማድ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከልጆቻቸው ትምህርት ቤት የተነሣ ወደዚህ ልማድ ገብተዋል፤ ሕፃኑ ከአይስክሬም እንጨት ሠርቶ፣ ፎቶግራፉን ለጥፎ ያመጣው ጌጥ ወዴት ይጣላል? ጎረቤቶቻቸው ዲሴምበር 25 ባለፈ በሳምንቱ ዛፉን አውጥተው በመንገድ ዳር ሲያጋድሙት፣ በእነርሱ ቤት ግን ታኅሣሥ 29 እስኪደርስ መብራቱ አይጠፋም፤ ልጆቹም ሁለት ጊዜ ገና እናከብራለን እያሉ በክፍል ጓደኞቻቸው ፊት ይኵራራሉ። ዛፉ ከእኛ ይሁን አይሁን በሚለው ሙግት ለተጠመዱት፣ በዚያ ቤት ያለው ዛፍ የአባቶችን ቀን ለልጆች የሚያስታውስ ሆኖ መገኘቱን በጨዋ ደንብ ላመለክት እወዳለሁ።

ሕዝባችን መታሰቢያ ያለ ቀንና ያለ ሥራ እንደማይጸና ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ስለ ሙታን ተዝካር የምናወጣው፣ በየወሩ ጽዋ የምንጠጣው ለዚህ ነው። የሞተውን ሰው በልብ ማሰብ ብቻ ቢበቃ ኖሮ ጠላውም እንጀራውም ባላስፈለገ ነበር። የገና ጌጥ ከዚህ ክቡር ሥርዓት ጋር በማዕርግ አይተካከልም፤ በጠባዩ ግን ይቀርበዋል፤ በዓመት አንድ ቀን እጅ እንዲነካው፣ አፍም ስም እንዲጠራበት ያስገድዳልና። በአንድ ቀለም ተመርጦ በደርዘን የተገዛው ጌጥ ግን፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ማንንም አያስጠራም።

ቤታችን ጠባብ ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ የጫማ ካርቶን ግን ከአልጋ ሥር ይገባል። የልጆች የእጅ ሥራ ዛፉን ያበላሽብናል ለሚሉት መልስ የለኝም፤ ዛፉ የቆመው ለማን እንደ ሆነ አስቀድመው ይወስኑ። አዲስ ጌጥ መግዛት የግድ ከሆነም ለአንድ ዓመት አንድ ይበቃል፤ ማን እንደ ገዛውና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ሆነ ከሥሩ በቀጭን ብዕር ይጻፍበት። ነጋዴዎቹ ይህን ምክር እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ ሆኖም የበዓሉን ገበያ የያዙት ዶሮና ቅቤ ስለሆኑ ብዙ የሚጎዱበት አይመስለኝም።