ቆላ ወርዶ ታሞ ለተመለሰው ሠራተኛም ሕክምና ይታሰብበት

የሐምሌ አረምና የመስከረም አጨዳ ሲቃረብ ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ ደጋማ ወረዳዎች፣ ከማቻከል፣ ከስናን፣ ከአነደድና ከአዋበል፣ ብዙ ወጣቶች ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች መውረዳቸው የቆየ ልማድ ነው። የሚያስወጣቸውም የመሬት ጥበት ነው። ቀንቶት የተመለሰው በሬ ይገዛል፤ የማዳበሪያ ዕዳውን ይከፍላል፤ ጎጆ ይወጣል። ሳይቀናው የቀረው ምን ይዞ እንደሚመለስ ግን እምብዛም አይነገርም።

ወባ ወይም ካላዛር ይዞት ቢመጣ የጤና ባለሙያው የቆላውን በሽታ ስለሚያውቀው ደሙን ይመረምራል። የመጠጥ ሱስ ወይም የአእምሮ ሕመም ይዞት ሲመጣ ግን ጠያቂ የለውም። ይህን ጉዳይ በልማት ገጽ ላይ ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም።

ባለፈው የዘር ወቅት በስናን ወረዳ በአንድ ቀበሌ ስለ ገብስ ዘር ለማስረዳት በተዘዋወርንበት ጊዜ፣ አንድ የታወቁ ብርቱ ገበሬ ማሳ ሳይታረስ አገኘን። «አያ፣ ማሳው ምነው ጾሙን አደረ?» ብንላቸው፣ «በምን በሬ ልረስ ልጄ? አንዱን ሸጬ ልጄን አዲስ አበባ አሳከምኩበት» አሉን።

ልጃቸው ሦስት ክረምት መተማ ወርዷል። ቀን በሐሩር ሲያርምና ሲያጭድ ይውላል፤ ማታ ድካሙን የሚረሳው በአረቄ ነበር። ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ጧት አረቄ ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቤተሰቡ መጠጡን ያስተው ብለው ቤት ዘጉበት። በሁለተኛው ቀን አንዘፈዘፈው፤ ሌላው ሰው የማያየውንም ያይ ጀመር። ጎረቤት ተሰብስቦ «ለክፎት ነው» አለ፤ በገመድም ታሰረ።

ሐኪሞች ይህን ሁኔታ አሳምረው ያውቁታል። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ አንዳንዱን እንደ ሚጥል በሽታ ይጥለዋል፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። መድኃኒትና ክትትል ያለው ሕመም ነው። በገመድ መታሰሩ ግን የሚጨምርለት ጉዳት ብቻ ነው።

ለአካባቢው ሰው አማኑኤል ማለት የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። «አማኑኤል ገባ» ሲባል ግን አዲስ አበባ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ቃሉም እንደ ስድብ ይነገራል። በ1930 ዓ.ም. ግድም የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው ስለነበረ፣ ባላገሩ ሕክምናው ሌላ ቦታ ያለ አይመስለውም። ስለዚህም ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና መኖሩን እኒያ አባት የሰሙት በሬው ከተሸጠ በኋላ ነው።

ችግሩ ቆላ በወረደው ብቻ አያበቃም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባረው ሲመለሱ፣ በሰው ቤት ሲያገለግሉ ብዙ መከራ ያዩ የገጠር ሴቶች ከመካከላቸው ነበሩ። እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ በጎ አድራጎት ማኅበራት በአዲስ አበባ መጠለያና የምክር አገልግሎት በመስጠት ብዙዎችን ረድተዋል። ሆኖም ተመላሿ መጠለያውን ለቃ ወደ ቀበሌዋ ስትገባ መድኃኒቷንና ክትትሏን የሚቀጥልላት ማነው?

ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የተነደፈው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው በጤና ጣቢያዎች ጭምር እንዲሰጥ አስቦ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀሰውን ሠራተኛ እንዲያገኘው ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ የሚከተሉት ቢሟሉ ይበጃል።

አንደኛ፣ በእርሻዎቹ አካባቢም ሆነ በትውልድ ቀበሌው ስለ ወባ የሚጠይቀው የጤና ባለሙያ ስለ እንቅልፉና ስለ መጠጡም ይጠይቀው። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም።

ሁለተኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት በቤተሰብ የሚመዘገብና ውል ከተያዘባቸው የጤና ድርጅቶች ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ አባወራው መዋጮውን ከፍሎ ሳለ ልጁ መተማ ላይ ሲታመም ደብተሩ እምብዛም አይጠቅመውም። ወረዳዎች ተነጋግረው ደብተሩ ሠራተኛው በሄደበት እንዲያገለግል፣ የሕክምና ወረቀቱም አብሮት እንዲመለስ ያድርጉ።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ አይጥፋ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሪፈር ብቻውን ሕክምና እንደማይሆን ታይቷል።

አራተኛ፣ እኛ የግብርና ሠራተኞችም ድርሻ አለን። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሳትደርስ እኛ ማሳው ላይ እንደርሳለን፤ ጾሙን ያደረ መሬት ስናይ ከኋላው የታሰረ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠይቀን እንንገራት። የንስሐ አባቶችም ጸበል የሚጠመቀው ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ቢመክሩ ቃላቸው ከእኛ ቃል ይልቅ ይሰማል።

ወጣቱ ዛሬ ተሽሎት ከአባቱ ጋር ይውላል። ሆኖም የቀራቸው አንድ በሬ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው ነው የሚያርሱት። ልጁም «እንደገና ልውረድና በሬውን ልተካ» ማለት ጀምሯል። ከመውረዱ በፊት፣ ቢታመም የት እንደሚሄድ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። የሚመለከታቸው ክፍሎች የዘንድሮው አረም ሳይደርስ እንዲያስቡበት እናሳስባለን።