«ጓሮሽን አልሚ» ከማለታችሁ በፊት ጓሮውን ስጡን

በዚህች ከተማ የሽንኩርት ዋጋ በጨመረ ቁጥር አብሮት የሚጨምር አንድ ነገር አለ፤ ምክር! ቴሌቪዥን ስትከፍቱ ምክር፣ ሬዲዮ ስትከፍቱ ምክር፣ ታክሲ ውስጥ ስትገቡ ምክር። «ለምን ከውጭ ትገዣለሽ? እቤትሽ ጋግሪ። ለምን ጎመን ትገዣለሽ? በረንዳሽ ላይ ትከይ። ለምን እንቁላል ትገዣለሽ? አራት ዶሮ ያዢ።» ምክር በኪሎ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሁላችንም ሀብታም ነበርን።

በ2003 ዓ.ም መንግሥት በዘይት፣ በስኳርና በሌሎች ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጥሎ ነበር። ጣሪያው አልሠራም፤ ዕቃው ከሱቅ ጠፋ፣ በወራት ውስጥም አብዛኛው ተነሳ። ግን ያኔ ቢያንስ ጥፋቱ ገበያው ላይ ነው ተብሎ ነበር። ዛሬ ጥፋቱ ወዴት ዞረ? ወደ እኔና ወደ አንቺ! ኑሮ የተወደደብሽ ስለማትጋግሪ ነው፣ ስለማትተክይ ነው፣ ቆንጆ ጥፍር ስላለሽ ነው…

እስቲ ምክሩን በቁም ነገር እንየው። ከልቤ ነው፤ ምክሩ ሁሉ ውሸት አይደለም።

እውነት የሆነው

ሽሮና በርበሬ እቤት ማዘጋጀት ከሱቅ ከመግዛት ይረክሳል። ይሄን የሚከራከር የለም። በርበሬው ከማረቆና ከአላባ በብዛት በሚገባበት ወቅት አንድ ፈረሱላ (17 ኪሎ ማለት ነው) ገዝታችሁ፣ ቀንጥሳችሁ፣ ደልዛችሁ፣ አስጥታችሁ፣ ቅመሙን ራሳችሁ ለክታችሁ ብታስፈጩ፣ ዓመቱን ሙሉ በትንንሽ ላስቲክ ከምትገዙት ጋር አይወዳደርም። ሽሮም እንዲሁ ነው። እህሉ ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ተቀምሞ ወፍጮ ቤት ከገባ ለወራት ይበቃል።

ከዋጋውም በላይ እምነት አለ። እንጀራ ውስጥ ጀሶና ሰጋቱራ፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ተገኘ የሚል ዜና ሰምተን «አይ ይሄስ የራሴን ብጋግር» ያላለ ማነው? የራስን ምግብ መሥራት ማን ምን እንደጨመረበት ማወቅ ነው። በዚህ እስማማለሁ።

ታዲያ ጠቡ ምን ላይ ነው?

አንደኛ፦ ቁጠባ ራሱ ገንዘብ ይፈልጋል

ፈረሱላ በርበሬ በአንድ ጊዜ የሚገዛው ማነው? በወር ደመወዙ መካከል ላይ ጥቂት የተረፈው ሰው ነው። ደመወዙ ኪራይ ከፍሎ፣ ትራንስፖርት ከፍሎ፣ በሃያኛው ቀን የሚያልቅበት ሰው ዘይት በጠርሙስ፣ በርበሬ በማንኪያ፣ ቡና በሲኒ ልክ ነው የሚገዛው። እንዲህ የሚገዛ ሰው ደግሞ ለእያንዳንዷ ግራም ከሁሉም በላይ ይከፍላል። ድሃ በውድ ይገዛል፣ ሀብታም በርካሽ ይገዛል። ለዚህ ሰው «በብዛት ገዝተህ እቤት አዘጋጅ» ማለት ጫማ ለሌለው «ጫማህን አስጠርገው» እንደማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ኪስ የሚያራቁተው በረንዳ ላይ አይበቅልም

ወረቀት አውጡና የወር አስቤዛችሁን ጻፉ። ጤፍ። ዘይት። ሽንኩርት። በርበሬ። ስኳር። ቡና። አሁን ጠይቁ፤ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የሚበቅለው? ጤፍ በዕቃ ማጠቢያ ሳፋ ይዘራል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚገባው ዘይት ላይ የመጣውን ጭማሪ በየትኛው ባልዲ ተክዬ ነው የምመልሰው?

በረንዳ የሚያበቅለውን በሐቅ እንናገር፦ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም። ጎመንና ቆስጣ ቅጠሉን ከሥር ከሥር እየቀጠፍክ ለብዙ ሳምንት ይሰጡሃል። ቃሪያ ፀሐይ ካገኘ አያሳፍርም። በሶብላና ጤና አዳም በጆንያ አፈር ይበቃቸዋል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ተክሉ! ዓይን ያሳርፋል፣ ወጥ ያጣፍጣል። ግን የወር አስቤዛን አይለውጥም። የሚለውጥ አስመስሎ መናገር ነው ያናደደኝ።

ዶሮዋስ? «የሌማት ትሩፋት» በኅዳር 2015 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ እንቁላል በየቤቱ የሚል ነገር በየመድረኩ ሰምተናል። ግቢና መኖ ላለው ሰው ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አንዲት የተሻሻለች ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። አራት ዶሮ ማለት በወር ወደ 14 ኪሎ መኖ ነው። መኖው ደግሞ በቆሎና ፋጉሎ ነው፤ እህል ሲወደድ አብሮ ይወደዳል። እና አራተኛ ፎቅ ላይ አራት ዶሮ ስታሳድጉ ጎረቤት «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚላችሁ መስሏችሁ ከሆነ ኮንዶሚኒየም ኖራችሁ አታውቁም።

ሦስተኛ፦ መሬቱ የማን ነው?

እኛ ወጣቶች በአብዛኛው ተከራይ ነን። አዲሱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ጥሩ! ነገር ግን የተዳቀለ አቮካዶ እንኳን ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ሁለት ዓመት ውል ይዞ አቮካዶ የሚተክል ሰው ለአከራዩ ነው የሚተክለው። አንዲት ጓደኛዬ ግቢ ውስጥ አንድ መደብ ጎመን ልትከል ብላ አከራይዋን ስትጠይቅ «ውሃ ታበዣለሽ» ተባለች። ሴትየዋ እውነት አላቸው፤ ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ከሆነ ጎመን የሚጠጣው የሰው ውሃ ነው። በጀሪካን ውሃ ገዝቶ ጎመን ማጠጣት ቁጠባ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ሒሳቡን ያሳየኝ።

የኮንዶሚኒየሙ የጋራ መሬትስ? ምድር ቤት ያለው አጥሮ ይዞታል። አራተኛ ፎቅ ያለው በመስኮት ያያል።

አራተኛው ነው ዋናው፦ ጉልበቱ የማን ነው?

እንጀራ እቤት ሲጋገር ለምን እንደሚረክስ ታውቃላችሁ? የዱቄቱ ዋጋ ሱቅም እቤትም ያው ነው። መብራቱም ነጻ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚበላ፣ ቤት ውስጥ ካሉ ዕቃዎች ሁሉ ሆዳሙ ነው። ታዲያ የረከሰው ምኑ ነው? የጋጋሪዋ ጉልበት ነው። እሱ ስለማይከፈልበት ነው!

ማቡካት፣ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ፣ አብሲት መጣል፣ ኩፍ እስኪል መጠበቅ፣ መብራት ይጠፋል ብሎ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ መጋገር። ይሄን ማነው የሚያደርገው? «እናቶቻችን እኮ ሁሉንም እቤት ነበር የሚሠሩት» የሚሉ ወንድሞቼ፣ እስቲ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሱት። እናቶቻችን ሲሠሩ አባቶቻችን ምን ያደርጉ ነበር? ደግሞስ ሁልጊዜ እናቶቻችን ብቻ ናቸው? ከገጠር በ13 እና በ14 ዓመቷ መጥታ፣ ትምህርቷን አቋርጣ፣ በማይረባ ብር በርበሬ ስትቀነጥስ እጇ የሚቃጠለው ልጅስ? ብዙዎች በናፍቆት የሚያወሩለት «የቤት ምግብ» በእሷ እጅ የተሠራ ነው። ያ ምግብ ርካሽ የነበረው እሷ ርካሽ ስለተደረገች ነው።

ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናትም ያሳየው ይሄንኑ ነው። ያልተከፈለበት የቤት ሥራ ላይ ሴቶች ከወንዶች እጅግ የበለጠ ሰዓት ያጠፋሉ። እንግዲህ «እቤት ሥሪ» የሚለው ምክር በተግባር ሲተረጎም እንዲህ ነው፦ የዋጋ ንረቱን ባልም፣ ነጋዴም፣ መንግሥትም አይሸከመው፤ ቀን ቢሮ የዋለችው ሴት ማታ ምጣድ ሥር ትሸከመው።

ይሄን ስል «ፌሚኒስት ነሽ፣ ወጥ መሥራት አትችይም» የሚለኝ አይጠፋም። እችላለሁ። ጥያቄው መቻል አይደለም፤ ሁለታችን እየበላን ለምን አንዳችን ብቻ እንሠራለን ነው።

ታዲያ ምን ይሁን?

ማማረር ብቻ እንዳይሆን አራት ነገር ልበል።

አንድ፦ ኮሚናሎቹን መልሱልን። ኮንዶሚኒየሞች ሲሠሩ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት የጋራ ህንጻ አብሮ ተሠርቶ ነበር። ሐሳቡ ብልህ ነበር። ስንቶቹ ናቸው ዛሬ ሱቅ፣ መጋዘንና ቢሮ ሆነው የተከራዩት? በየብሎኩ አንድ ክፍል ምጣድ ቢመለስ፣ አምስት ቤት ተራ ገብቶ ቢጋግር፣ እያንዳንዱ ቤት በአምስት ሳምንት አንዴ ብቻ ነው ምጣድ ሥር የሚቆመው።

ሁለት፦ የጋራ መሬቱ በዕጣ ይደልደል። የጋራ ተብሎ ምድር ቤት ያለው ብቻ የሚያጥረው ከሆነ የጋራ አይደለም። የነዋሪዎች ማኅበር በዓመት አንዴ ዕጣ ያውጣ፤ ተከራይም ዕጣ ውስጥ ይግባ።

ሦስት፦ በዕቁብ ግዙ። በርበሬው በረከሰበት ወቅት አሥር ሆናችሁ ብር አዋጡና በፈረሱላ ግዙ፤ ከዚያ ተካፈሉት። ዕቁብ የምናውቀው ነገር ነው፤ ለስልክ መግዣ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በጅምላ መግዛት የሀብታም ብቻ የሚሆነው ለየብቻ ስንገዛ ነው።

አራት፦ ወንዶች፣ ወደ ምጣዱ! «እንጀራ መጋገር አይሆንልኝም» አትበሉ። ሙያ ነው፤ ይለመዳል። የመጀመሪያው ዓይን አልባ ይወጣል፣ ሁለተኛው ይቀደዳል፣ ሦስተኛው ይበላል።

እነዚህ አራቱ ሲደረጉ እኔም ቆስጣዬን እተክላለሁ፣ ሽሮዬን አስፈጫለሁ፣ ምክሩንም አመስግኜ እቀበላለሁ። እስከዚያው ግን የገበያውን ችግር የእኔ ስንፍና አታድርጉት። «ጓሮሽን አልሚ» የሚለኝ ሁሉ መጀመሪያ ሦስት ጥያቄ ይመልስልኝ፦ የትኛውን ጓሮ? በየትኛው ውሃ? በማን እጅ?